በውሃ የሚቀዘቅዝ ኤሲ ለንግድ ህንፃ፦ መቼ ያዋጣል፣ መቼ ይቅር?

የኤሲ ሻጭ የሚያወራው ስለ ቅዝቃዜ ነው። ገዢ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ሙቀቱ ነው። ከክፍሉ የወጣው ሙቀት የት ይደፋል? ኤሲ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ የሚጥል ማሽን ነው፤ ፍሪጅ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ጀርባው እንደሚሞቀው ማለት ነው። ለአንድ ክፍል ስፕሊት (አንዱ አካሉ ውስጥ፣ ሌላው ውጪ የሚገጠም ኤሲ) ሲገዛ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። የውጪውን ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መገላገል ነው። ባለ ብዙ ፎቅ የንግድ ህንፃ ላይ ግን ሙቀቱን የት እንድፋው የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ይሆናል።

በውሃ የሚቀዘቅዘው የውስጥ ኤሲ ለዚህ የራሱ መልስ አለው። ሙቀት ተሸካሚውን ጋዝ የሚገፋው ኮምፕረሰር፣ ጋዙ ሙቀቱን የሚለቅበት ኮንደንሰር፣ የክፍሉን ሙቀት የሚወስድበት ኢቫፖሬተርና ፋኑ ሁሉም በአንድ ካቢኔ ውስጥ ተገጥመው ይመጣሉ። ካቢኔው እዚያው ፎቁ ላይ ባለች ትንሽ የማሽን ክፍል ይቆማል። ውጪ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር የለም። ሁለት የውሃ ቱቦዎች ይያያዙበታል። አንዱ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ያመጣል፤ ሌላው የሞቀውን ይዞ ይወጣል። የሞቀው ውሃ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወዳለ ኩሊንግ ታወር (ውሃን በአየር የሚያቀዘቅዝ ማማ) ይሄዳል፣ እዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ማሽኑ ጥሩ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ውሃውን ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ «እገሌ» ብላችሁ መመለስ ካልቻላችሁ፣ ብሮሹሩ ምንም ቢል ሌላውን ምረጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ከማን ጋር ነው የምናወዳድረው

የመጀመሪያው ተፎካካሪ ተራው በአየር የሚቀዘቅዝ ስፕሊት ነው። ርካሽ ነው፣ ገጣሚው በየቦታው ይገኛል፣ ውሃ አይፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ሲበዛ ነው። እያንዳንዱ የውጪ ክፍል ንጹህ አየር የሚያገኝበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ብዙዎቹን ጠባብ የአየር መውጫ ጉድጓድ ውስጥ አንዱን ከአንዱ በላይ ብትደረድሯቸው የታችኛው የተነፈሰውን ሙቅ አየር የላይኛው መልሶ ይስበዋል። ከዚያ በጣም በሚሞቅበት ቀን፣ በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት፣ የላይኛው ፎቅ ኤሲ ይጠፋል። የጋዙ ቱቦ ርዝመትም ገደብ አለው። ከታችኛው ፎቅ እስከ አስረኛ ፎቅ ጣሪያ ድረስ የስፕሊት ቱቦ መጎተት አይሆንም።

ሁለተኛው ቪአርኤፍ ነው። አንድ ትልቅ የውጪ ማሽን ለብዙ የውስጥ ክፍሎች ጋዝ ያከፋፍላል። የቱቦ ርዝመቱ ከስፕሊት በጣም የተሻለ ነው፤ እንደየፍላጎቱ ኃይሉን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግም ቆጣቢ ነው። ግን በህንፃው ውስጥ ብዙ ኪሎ ጋዝ በረጅም ቱቦ ይዞራል። አንድ መገጣጠሚያ ቢያፈስ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት ትልቅ ጣጣ ነው።

ሦስተኛው ማዕከላዊ ቺለር ነው። ውሃውን ራሱን 6 ወይም 7 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዞ ወደየክፍሉ ይልካል። ለትልቅ ሆስፒታል፣ ለሆቴል፣ ለገበያ ማዕከል የሚወዳደረው የለም። ለመካከለኛ ህንፃ ግን ብዙ ጊዜ ይበዛል። አንድ ቢሮ ቅዳሜ ከሰዓት መሥራት ፈልጎ ትልቁን ቺለር ማስነሳት አለ። ቺለሩ ሲቆም ደግሞ ሁሉም ፎቅ አብሮ ይሞቃል።

በውሃ የሚቀዘቅዘው ካቢኔ በነዚህ መካከል ይገባል። በየፎቁ ራሱን የቻለ ማሽን አለ፤ የጋራው ውሃ ብቻ ነው። የአምስተኛው ፎቅ ኮምፕረሰር ቢቃጠል ስድስተኛው አይሰማውም። ጋዙ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶና ታሽጎ ስለሚመጣ ገጣሚው ቦታው ላይ የጋዝ ቱቦ አይበይድም። የየፎቁ ማሽን ለየብቻ መሆኑ ደግሞ ለኪራይ ህንፃ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፕረሰሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ በተከራዩ ቆጣሪ ያልፋል። ባለቤቱ የፓምፑንና የታወሩን ወጪ ብቻ ያካፍላል። ማን ምን ያህል ተጠቀመ የሚለው ጭቅጭቅ በጣም ይቀንሳል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ስንት ያተርፋል?

እዚህ ላይ ጥቂት ቁጥር እንታገስ። ኤሲ በ«ቶን» ይለካል። ክብደት አይደለም። አንድ ቶን 12,000 ቢቲዩ በሰዓት፣ ማለትም ወደ 3.5 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም ነው። ባለ 10 ቶን ማሽን እንውሰድ፤ 35 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከፎቁ ያወጣል።

ውጪው 35 ዲግሪ ሲሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር ውስጥ ያለው ጋዝ ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል። ከታወር በ29 ወይም 30 ዲግሪ የሚመጣ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ግን 40 አካባቢ ይቆያል። ኮምፕረሰር ማለት ጋዝን ገፍቶ ወደ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የሚያወጣ ፓምፕ ነው። የሚያወጣበት ዳገት ባጠረ ቁጥር የሚበላው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። በግምት እያንዳንዱ ዲግሪ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይቆጥባል።

እንደ ማሳያ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ለ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ሙቀት ቢያወጣ፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው 4.5 ቢያወጣ፣ ለዚሁ 10 ቶን አንዱ ወደ 11.7 ኪሎዋት ሲበላ ሌላው 7.8 ይበላል። ደስ ይላል። ግን ሻጮች እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ። ፓምፑና የታወሩ ፋንም ይበላሉ። ለዚህ ማሽን ድርሻቸውን 1.5 ኪሎዋት ብንል ቁጠባው ከ3.9 ወደ 2.4 ይወርዳል። አሁንም ትርፍ ነው፤ ግን ብሮሹሩ ላይ ያለው አይደለም። ፓምፑ ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ከተገዛ፣ ወይም አንድ ፎቅ ብቻ ሲሠራ እሱ በሙሉ ኃይሉ የሚዞር ከሆነ፣ ትርፉን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚያስተካክል ድራይቭ ያለው ፓምፕ ጠይቁ። በየካቢኔው ላይም ማሽኑ ሲቆም ውሃውን የሚዘጋ ቫልቭ ይኑር። ቫልቩ ከሌለ ውሃው በቆመ ማሽን ውስጥ በከንቱ ይዞራል፣ ድራይቩም የሚቀንሰው ነገር አይኖረውም።

የአየር ጠባይም ወሳኝ ነው። ታወር ውሃ የሚያቀዘቅዘው በማትነን ነው። ደረቅ አየር ብዙ ያተናል፤ እርጥብ አየር ግን እምቢ ይላል። መሐንዲሶች የሚያዩት ዳሳሹ በረጠበ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር የሚያነበውን ሙቀት ነው። ጥሩ ታወር ውሃውን ከዚያ ንባብ በላይ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ያወርደዋል። ደረቅ አገር ላይ ይህ ንባብ ከአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ዝቅ ሊል ይችላል፤ የውሃው ብልጫ እዚያ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ፣ አየሩ ላብ በላብ በሚያደርግበት ቦታ፣ ልዩነቱ ይጠባል።

ውሃው

ያው ባለ 10 ቶን ማሽን የሚጥለው ሙቀት ኮምፕረሰሩ የበላው ሲጨመር ወደ 43 ኪሎዋት ነው። ውሃው ገብቶ ሲወጣ 5.5 ዲግሪ እንዲሞቅ ካደረግን በደቂቃ ወደ 112 ሊትር መዞር አለበት። በታወር ያው ውሃ ተመልሶ ስለሚመጣ የሚጠፋው የተነነው ብቻ ነው፤ በሙሉ ጭነት በሰዓት ወደ 64 ሊትር። በዚህ ላይ ጨው እንዳይከማች ሆን ተብሎ የሚፈስ አለ። ለ10 ሰዓት ሥራ ድምሩ ወደ 850 ሊትር ይሆናል።

አንዳንድ ሰው ታወር ላለመግዛት የቧንቧ ውሃ አስገብቶ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ያስባል። ለተመሳሳይ 10 ሰዓት ወደ 67,000 ሊትር ይፈልጋል። በብዙ ከተሞች ክልክል ነው፤ ባይከለከልም የውሃ ቢሉ ሲመጣ ራሱ ይከለክላችኋል። ይህን አማራጭ ከዝርዝሩ አውጡት።

ታወር ላይ ግን አንድ ነገር በደንብ ልበል፤ ብዙ ጊዜ በጨረፍታ ስለሚታለፍ። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች በማይታወቅ የሳንባ ምች ታመሙ፤ 29 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በኋላ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ኒው ዮርክ ሳውዝ ብሮንክስ ውስጥ ከአንድ ህንፃ ኩሊንግ ታወር የተነሳ ወረርሽኝ 138 ሰዎችን ይዞ 16 ገደለ። ባክቴሪያው ለብ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ይራባል። የታወር ውሃ ልክ እዚያ መሃል ነው። ከታወሩ የሚረጨው ደቃቅ ጤዛ በንፋስ ሄዶ መንገደኛ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ኬሚካል መጨመር፣ ውሃውን መመርመር፣ ገንዳውን ማጠብ «ስናገኝ እናደርገዋለን» የሚባል ሥራ አይደለም። መዝገብ ያለው፣ ፈራሚ ያለው የዘወትር ሥራ ነው። ታወሩም ከንጹህ አየር መሳቢያና ከሚከፈት መስኮት ርቆ ይተከል። የጤዛ መያዣው ሳይሰበር መኖሩን የሚያይ ሰው ይመደብ። መጀመሪያ ላይ «እገሌ» ያልኩት ሰው ይህ ነው።

ክፍት ታወር፣ ዝግ ታወር ወይስ ደረቅ?

ክፍት ታወር በጣም ርካሹና በጣም የሚያቀዘቅዘው ነው። ግን ውሃው ከውጪ አየር ጋር ስለሚነካካ አቧራ፣ ቅጠል፣ አልጌ ይዞ በየፎቁ ያለ ኮንደንሰር ውስጥ ይዞራል። ዝግ ታወር ውስጥ የህንፃው ውሃ በጠምዛዛ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ያልፋል፤ የሚረጨው ውሃ ከቱቦው ውጪ ነው። ዋጋውና ክብደቱ ይጨምራል፣ ኮንደንሰሮቹ ግን ንጹህ ይሆናሉ። መካከለኛ መንገድም አለ፤ ክፍት ታወር አድርጎ በሱና በህንፃው ቱቦ መሃል የፕሌት ሙቀት መለዋወጫ (ሁለቱ ውሃዎች ሳይቀላቀሉ በስስ ብረት በኩል ሙቀት የሚለዋወጡበት) ማስገባት። አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ትከስራላችሁ፣ በምትኩ ቆሻሻው አንድ ቦታ ብቻ ይጠራቀማል። ብዙ ትንንሽ ካቢኔዎች ላሉት ህንፃ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። 30 ኮንደንሰር ከማጠብ አንድ ፕሌት ማጠብ ይሻላል።

ደረቅ ማቀዝቀዣ ራዲያተርና ፋን ብቻ ነው። ውሃ አይተንም፣ የሌጂዮኔላ ሥጋት በጣም ይወርዳል። ነገር ግን ውሃው ከውጪው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ቁጠባው ባብዛኛው ይጠፋል። ውሃ በሌለበት፣ የውጪ ክፍሎችን የሚሰቅሉበትም ቦታ በሌለበት ህንፃ ብቻ ትርጉም ይሰጣል። ብርድ በረዶ በሚሠራበት ቦታ ግላይኮል (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚያደርግ ፈሳሽ) መጨመር እንዳትረሱ።

ካቢኔውን ስትመርጡ

ካታሎጉ ላይ ያለው አቅም በስንት ዲግሪ ውሃ እንደተለካ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ 29.4 ገብቶ 35 የሚወጣ ውሃ ነው። የእናንተ ውሃ በ33 የሚገባ ከሆነ ያ ቁጥር የእናንተ አይደለም።

ቀጥሎ የኮንደንሰሩ ዓይነት። ይህን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው፤ የማሽኑን ዕድሜ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ቱቦ በቱቦ ውስጥ የሆነው ጠንካራ ነው፣ በብሩሽ ግን አይገባበትም፤ የኖራ ቅርፊት ሲይዝ በኬሚካል ብቻ ይታጠባል። ተበይዶ የታሸገው ፕሌት ትንሽና ቀልጣፋ ነው፤ መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ በቆሸሸ ውሃ ቶሎ ይደፈናል። ሼልና ቱቦ የሚባለው ትልቅና ውድ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ እያንዳንዱ ቱቦ በብሩሽ ይወለወላል። ክፍት ታወር ካላችሁና ውሃችሁ ከባድ፣ ማለትም ኖራ የበዛበት ከሆነ የመጨረሻውን ውሰዱ። ውሃው ጨዋማ ወይም ብረት የሚበላ ከሆነ ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ ቱቦ ያስፈልጋል።

ስለ ጋዙም ሁለት ቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የጸደቀው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ማሻሻያ አየር ንብረትን የሚያሞቁ ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ያስገድዳል። አር-410ኤ የተባለው የኤሲ ጋዝ የማሞቅ መጠን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ነው፤ የአር-32 675። አዲስ ማሽን ስትገዙ ወደ ኋለኛው ያዘንብሉ። አር-32 በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ የማሽን ክፍሏ ስፋትና አየር ማስገቢያ ከአምራቹ መመሪያ ጋር መመሳከር አለበት።

ገጠማው ላይ የሚበላሸው

ካቢኔው በበሩና በአሳንሰሩ ይገባል ወይ? ሳቅ የሚያስመጣ ጥያቄ ይመስላል። ማሽኑ ደርሶ ግድግዳ የፈረሰበት ህንፃ ግን ብዙ ነው። አምራቾች ለሁለት የሚከፈል ካቢኔ ይሠራሉ፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። የወለሉን የመሸከም አቅም ደግሞ የስትራክቸር መሐንዲስ ይፈርምበት። ፊት ለፊቱ ፊልተር የሚሳብበት፣ ጎኑ ኮምፕረሰር የሚወጣበት ክፍተት ይተው። ማሽኑን ግድግዳ አስጠግቶ ያቆመ ገጣሚ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ቴክኒሻን መርገምት ትቶ ሄዷል።

ድምፅ ሌላው ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ኮምፕረሰሩን ውጪ ይጥላል፤ ይኸኛው ግን ይዞት ቤት ይገባል። የማሽን ክፍሏን ከስብሰባ አዳራሽ ጎን አታድርጉ። ከመጸዳጃ፣ ከደረጃ፣ ከአሳንሰር ጎን ትሁን። ከሥሩ ጎማ ወይም ስፕሪንግ፣ ቱቦው ላይ ተጣጣፊ ማያያዣ፣ ዳክቱ (የአየር ማከፋፈያው ቱቦ) ላይ የሸራ መገናኛ ይግባ።

የውሃ ግፊቱን አስሉ። ውሃ በየ10 ሜትር ቁመት ወደ 1 ባር ይጨምራል። ታወሩ ከታችኛው ካቢኔ 70 ሜትር በላይ ከሆነ ፓምፑ ሳይነሳ 7 ባር አለ ማለት ነው። የፓምፑን ጨምሩና ኮንደንሰሩ የሚችለውን ከሰሌዳው ላይ አንብቡ። ፓምፑ ራሱ ከታወሩ ገንዳ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከላይ ከሆነ አየር ይስባል። ተጠባባቂ ሁለተኛ ፓምፕም ይኑር። ካቢኔዎቹ ለየብቻ ናቸው ብለናል፤ በአንድ ፓምፕ ላይ ከተንጠለጠሉ ግን ያ ነፃነት የወረቀት ብቻ ነው።

በየካቢኔው መግቢያ ላይ ወንፊት፣ በሁለቱም በኩል መዝጊያ ቫልቭ፣ የውሃ ፍሰት ሲቋረጥ ኮምፕረሰሩን የሚያቆም ስዊች፣ ቴርሞሜትርና የግፊት መለኪያ ይግቡ። በቀዝቃዛ ወቅት የታወሩ ውሃ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ የጋዙን ግፊት እንዳያወርድ ፍሰቱን የሚቆጣጠር ቫልቭ ያስፈልጋል።

ኤሲው ከአየር ላይ የሚለቅመው እርጥበትም መውጫ ይፈልጋል። ባለ 10 ቶን ማሽን እርጥብ አየር ላይ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ያንጠባጥባል። ፋኑ ከውስጥ ስለሚስብ ውሃው በፍሳሹ ቱቦ በኩል አልወርድም ይላል። ለዚህ ነው ጠብታውን በሚቀበለው ትሬይ መውጫ ላይ የታጠፈ ማገጃ የሚሠራው። የፋኑ ስበት 250 ፓስካል ከሆነ 25 ሚሊ ሜትር የውሃ ቁመት ነው፤ ማገጃው ከዚያ በደንብ መብለጥ አለበት። ትንሽ ነገር ናት። የታችኛው ፎቅ ተከራይ ኮርኒስ ሲበሰብስ ግን ትንሽ አትሆንም።

ከሁሉም የምጠነቀቅላት አንዲት ሥራ ናት፦ አዲስ ቱቦ ተበይዶ ሲያልቅ ሥርዓቱን ማጠብ። ቱቦው ውስጥ የብየዳ ፍርፋሪ፣ ዝገት፣ አሸዋ፣ አንዳንዴ ጓንት ይገኛል። ሲታጠብ ካቢኔዎቹ ተዘግተው ውሃው በማለፊያ ቱቦ ነው መዞር ያለበት። ኮንትራክተሩ ቸኩሎ በኮንደንሰሩ በኩል ካጠበው አዲሱ ማሽን ሥራ ሳይጀምር ይደፈናል።

እንግዲህ ለማን?

ሁለት ፎቅ ሱቅ ወይም ትንሽ ቢሮ ከሆነ ስፕሊት ወይም ቪአርኤፍ ግዙ። ለጥቂት ቶን ብሎ ታወርና ፓምፕ መትከል ራስን ማስቸገር ነው። ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በሚመጣበት ቦታም እንደዚሁ፤ የማጠራቀሚያ ታንክ ቀን ያሻግራል እንጂ ችግሩን አይፈታም። ታሪካዊ ገጽታ ያለው፣ ግድግዳው ላይ ምንም እንዳይሰቀል የተከለከለ ህንፃ ከሆነ በውሃ የሚቀዘቅዘው ከፊት ይሰለፋል። መካከለኛ ወይም ረጅም የኪራይ ህንፃ፣ ሰዓታቸው የተለያየ ተከራዮች ያሉበት፣ የጥገና ሠራተኛ በቋሚነት ያለው ከሆነም ያለማመንታት እሱን እላለሁ። ታወርና ቱቦ ቀድሞ ያለበት ህንፃ ውስጥ አንድ ፎቅ የተከራያችሁ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፤ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ለእናንተ ፎቅ የተመደበው ፍሰት በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ውሃው ማታና እሑድ እንደሚዞርም ውሉ ውስጥ አስገቡ። የሰርቨር ክፍል ላለው ይህ የግድ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት በየካቢኔው የተለካውን ፍሰት፣ የመግቢያና የመውጫ ሙቀት፣ ኮምፕረሰሩ የሳበውን አምፔር በወረቀት ተቀበሉ። ከዓመት በኋላ ያው ፍሰት ላይ የጋዙ ግፊት ከፍ፣ አምፔሩም ጨመር ካለ ኮንደንሰሩ ቅርፊት ይዟል ማለት ነው፤ ያ ወረቀት ከሌላችሁ ግን ከምን ጋር ታስተያዩታላችሁ?